አስተርጓሚውን ፈርቶ የተጻፈ ማመልከቻ

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ከዚህ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል፤ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን እንደ ጥበቃ ምክንያት የተቀበለው የቶቦሶ-አልፎንሶ ውሳኔ በ1994 እ.ኤ.አ. አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ ይህ የሚያከራክር ነጥብ አይደለም። ደንበኞቼን የሚጥላቸው ሌላ ነገር ነው።

አንዱ ቀኑ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው፣ ቅጽ አይ-589፣ ለመጨረሻ ጊዜ አሜሪካ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ለእናቱ እንኳ ተናግሮ የማያውቀውን ነገር ለመንግሥት ሠራተኛ ለመናገር ድፍረት ሲያጠራቅም ዓመቱ የሚያልፍበት ብዙ ነው። በእርግጥ ሕጉ ምክንያት ይቀበላል፦ በሕጋዊ የተማሪነት ሁኔታ መቆየትዎን፣ ከባድ ሕመምን፣ አገር ቤት የተለወጠ ሁኔታን። ምክንያቱ ካበቃ በኋላ ግን «ተገቢ» በሆነ ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይጠበቅብዎታል። ተገቢው ስንት ቀን እንደሆነ ደንቡ አይናገርም፤ ስድስት ወር ብዙውን ጊዜ እንደ ረዘመ ይታያል፣ ከዚያ ያነሰውንም የማይታገሥ ዳኛ አለ። ቀኑ ያመለጠው ሰው በጥገኝነት ፈንታ ከመባረር መታገድን መጠየቅ ይችል ይሆናል። ማስረጃው ይከብዳል፣ ግሪን ካርድም አያስገኝም።

የገቡበትን ቀን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነውና የአውሮፕላን ትኬቱን አይጣሉ። የፖስታ ደረሰኙንም እንዲሁ፤ ማመልከቻው ዘግይቶ ቢደርስ በጊዜው መላክዎን የሚያሳየው እሱ ነው።

ከቀኑ የባሰው ግን በክፍያ ቅጽ የሚሞላው ሰው ነው። ካፌ ውስጥ ቡና ይጠጣል፣ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ደረሰኝ የለም። «አበሻ ለአበሻ ምን ውል ያስፈልገዋል!» ይባላል። እባካችሁ፣ ያስፈልገዋል። ደንበኛው ወሬው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይደርሳል ብሎ እውነቱን ይደብቀዋል፤ ቅጽ የሚሞላውም ከኪሱ የማይጠፋውን የፖለቲካ ታሪክ ይጽፍለታል። ፊርማው የደንበኛው ነው። ዓመት ቆይቶ እውነቱን ሲናገር በመዝገቡ ላይ ሁለት ታሪክ ይገኛል። ዳኛው «አላምንህም» ቢል ትንሹ ጉዳት ነው፤ ማስጠንቀቂያ እያለ ሆን ተብሎ በዋና ነጥብ ላይ ተዋሽቷል ብሎ ከወሰነ፣ ሰውየው ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ይታገዳል።

ቅጹ ላይ ያዘጋጀው ሰው የሚፈርምበት ቦታ አለ። አልፈርምም ካለዎት ተነሥተው ይሂዱ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ አስገብተው ከሆነም የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ከጠበቃ ጋር ያስተካክሉ፤ በጎ የሚያይ መኮንን አለ፣ የማያይም አለ።

ወሬው ይወጣል ብለው ከፈሩ፣ የጥገኝነት ፋይል ያለ ፈቃድዎ ለኤምባሲ እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክላል። በእርሱ ፊት መናገር የማይችሉትን የአክስት ልጅ ደግሞ ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ አድርገው አያምጡ። ቤተሰብ አስገድዶዎት ካገቡ፣ ልጅም ካለዎት፣ ቅጹ ላይ ይጻፉት፤ ትዳሩ ማብራሪያ እንጂ ጉዳይዎን የሚገድል አይደለም፣ ተደብቆ ሲገኝ ግን ይገድለዋል።