ሦስት ምስክር



ሴፍቲኔት በአገራችን በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ተረጂውን የአካባቢው ሰው እንዲለይ ተደርጓል፤ የተቸገረውን ጎረቤት ያውቀዋልና።

ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለቀቢሳ (ረ.ዐ) መጠየቅ የሚፈቀድላቸውን ሦስት ሰዎች ሲነግሩት፣ አንዱ ከወገኖቹ ሦስት አስተዋዮች ድህነቱን የመሰከሩለት ነው። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

ወንድምና እህቶቼ! አማኑኤልም ሆነ ማርቆስ፣ የተረጂ ስም ሲመዘገብ እጅ ማውጣት ምስክርነት ነው። ቤትና ሱቅ ያለውን ዘመዳችንን ካስጻፍን የሌላውን ሐቅ በላን።

በረንዳ የሚያድረው ደግሞ የቤት ቁጥር የለው፣ መታወቂያ የለው፣ ስብሰባ የሚጠራው የለ። ማን ይመስክርለት?

ዛሬ ከሶላት ስንወጣ ሳንቲም ጥለን አንለፈው። ቁጭ ብለን ስሙን እንጠይቀው፤ ከዚያ ሦስት ሆነን ቀበሌ እንሂድለት።

አላህ የእውነት ምስክሮች ያድርገን። አሚን።