የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ላንብብ? በምንስ ልመርምረው?
(ለዐቢይ ጾም ንባብ የሚረዳ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዐቢይ ጾም ከጥሉላት የምንከለከልበት ወራት ብቻ አይደለም። ሆድ ከእህል ሲዘገይ ነፍስ ደግሞ ቃሉን ልትመገብ ይገባታል። ጌታችንም በገዳመ ቆሮንቶስ ፈታኙን የረታው የተጻፈውን በመጥቀስ ነው (ማቴ. 4፥1-11)። ስለዚህ በእነዚህ 55 ቀናት ብዙዎቻችን አቧራ የጠጣውን መጽሐፍ ቅዱስ ከመደርደሪያ እናወርዳለን። ወጣቶቻችን ደግሞ በስልካቸው ይከፍታሉ። መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ሊመለስ ይገባል። የያዝነው የትኛውን ትርጉም ነው?

«መጽሐፍ ቅዱስ አንድ አይደል እንዴ? ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለውጥ እንዳለው በምሳሌ እንይ።

እንበልና ወልድያ የሚማር ልጅ ለቅዳሜና እሑድ መርሳ ወደ ቤተሰቡ መጣ። እናቱ ጾመኛ ናት፤ ማንበብ ባትችልም ቅዳሴ አይቀርባትም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ሊያወጡት ያልቻሉትን ጋኔን ካወጣ በኋላ እንዲህ ያለው ወገን ያለ ጸሎትና ያለ ጾም እንደማይወጣ መናገሩን ስትሰማ ነው የኖረችው። ልጁ ስልኩን ከፈተ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 17ን አወጣ። ቁጥሩ ከ20 ዘሎ 22 ሆነ። 21 የለም! «እማዬ፣ አንቺ የምትዪው ጥቅስ እኮ እዚህ የለም» አላት። እናት ደነገጠች። ልጅም ጾሙን መጠራጠር ጀመረ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የእናት አይደለም። የወንጌሉም አይደለም። የልጁ ጉድለት የያዘው ትርጉም ከምን እንደተተረጐመ ሳያውቅ መፍረዱ ነው።

ጥቅሱ የት ሄደ?

ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት ብራና ዛሬ የለም። ያለው ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የመጣ ቅጂ ነው። ከግሪክ ቅጂዎች አብዛኞቹ ማቴ. 17፥21ን ይዘዋል። የማይገኝባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል እ.ኤ.አ. በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ሁለት እጅግ የቆዩ ጥራዞች አሉ። አንዱ በደብረ ሲና ገዳም የተገኘው፣ ሌላው በቫቲካን የሚቀመጠው ነው። በቅርብ ዘመን የተነሡ ብዙ ተርጓሚዎች እነዚህን ስለሚያስቀድሙ ጥቅሱን ከገጹ አውርደው በግርጌ ማስታወሻ ያስቀምጡታል። አንዳንድ የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የግርጌውን ማስታወሻ ጭራሽ አያሳይም። በቤተ ክርስቲያናችን ንባብ ግን ጥቅሱ በቦታው አለ።

በማር. 9፥29፣ በሐዋ. 10፥30 እና በ1ኛ ቆሮ. 7፥5 ላይም «ጾም» የሚለው ቃል በአንዱ ትርጉም አለ፤ በሌላው የለም። ምክንያቱ ያው የቅጂዎች ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልዩነት ባያችሁ ቁጥር «ሆን ብለው ቆርጠው ጣሉት» ብላችሁ ከጎረቤት ጋር አትጣሉ፤ ምክንያቱን እወቁና በትሕትና አስረዱ። ሁለተኛ፣ ጾማችን በአንድ ጥቅስ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ጌታ 40 ቀንና 40 ሌሊት መጾሙ (ማቴ. 4፥2)፣ ስንጾም እንዴት እንደምንጾም ማስተማሩ (ማቴ. 6፥16-18)፣ ሙሽራው ሲወሰድ እንደሚጾሙ መናገሩ (ማቴ. 9፥15)፣ ነቢያትና መምህራን ጾመውና ጸልየው እጅ መጫናቸው (ሐዋ. 13፥2-3) በሁሉም ትርጉም ተጽፎ ይገኛል። ያ ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እናቱን ከማስደንገጥ ይልቅ ያጸናት ነበር።

በእጃችን ያሉት ትርጉሞች ከየት መጡ?

ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአክሱም ዘመን ነው፤ በዚህ ሥራ ተሰዓቱ ቅዱሳን ይታወሳሉ። ብሉይ ኪዳን የተመለሰው ሰባ ሊቃናት ከተረጐሙት ከግሪኩ ነው። እኛ በዚህ አገር ለምንኖር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከመርሳ ተነሥታችሁ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ ስትወርዱ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታገኛላችሁ። በዚያ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል። አባቶቻችን መጽሐፉን በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው ያቆዩልን።

ወደ አማርኛ መላውን መጽሐፍ የመለሱት አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቁት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አባ አብርሃም ናቸው። በካይሮ ከተማ 10 ዓመት ያህል ደከሙበት። ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የለመደው በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው ነው። ከዕብራይስጥና ከግሪክ የተዘጋጀ ባለ 66 መጻሕፍት ሲሆን፣ ቋንቋው የከበረ፣ ለቃል ጥናትም የተመቸ ነው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ቤተ ክርስቲያናችን በግእዙና በሰባ ሊቃናት ላይ ተመሥርታ ባለ 81ዱን በአማርኛ አሳትማለች። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» የሚባለው አለ፤ አማርኛው ለዛሬ ሰው ቀላል ነው፤ የያዘው ግን 66 መጻሕፍት ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ብትሉ፣ ለኦርቶዶክሳዊ ምእመን ዋናው መጽሐፍ ባለ 81ዱ ነው። ምክንያቱም በቅዳሴ ከምንሰማው፣ መምህራን ከሚያስተምሩት ጋር አብሮ የሚሄደው እርሱ ነው። ሄኖክን፣ ኩፋሌን፣ መቃብያንን፣ ጦቢትን፣ ዮዲትን በ66ቱ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። ሌላውን ትርጉም ለማመሳከሪያ ማየት ነውር የለውም። አንዱን መሠረት፣ ሌላውን ረዳት ማድረግ ነው እንጂ፣ ደስ ያለንን ቃል ከየትርጉሙ እየለቀምን የራሳችንን ወንጌል መሥራት አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት

የመርሳን ማንጎ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ስትገቡ በወርቅ ቀለም በተጻፈው ሽፋን አትወሰኑ።

1. ማውጫውን ቁጠሩ። 66 ነው ወይስ 81?
2. መቅድሙን አንብቡ። ማን አሳተመው? ከምንስ ተተረጐመ?
3. ማቴ. 17፥21ን እና ዮሐ. 5፥4ን ገልጣችሁ እዩ። አሉ ወይስ ወደ ግርጌ ወርደዋል?
4. ኢሳ. 7፥14ን እዩ። ግሪኩና ግእዙ «ድንግል» ይላሉ፤ በውጭ ቋንቋ ካሉት አንዳንዶቹ ግን «ወጣት ሴት» ብለው ተርጕመዋል።
5. ዘፍ. 5፥3ን እዩ። አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው በሰባ ሊቃናት 230፣ በዕብራይስጡ 130 ነው። እኛ 5500 ዘመን ብለን የምንቆጥረው በሰባ ሊቃናት መንገድ ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ሒሳቡ ሳይገጥምለት ይቀራል።

በስልክ ለምታነቡም ምርመራው ይኸው ነው። የጫናችሁት መተግበሪያ የየትኛው ዕትም እንደሆነ ፈልጉ። ካልጻፈው ለመሠረት አትያዙት። ደግሞም መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር የወረቀቱ መጽሐፍ አይጠላም።

የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በአንዱ መጽሐፍ 22፣ በሌላው 23 ነው። የዳዊት የንስሐ መዝሙርም 50 እና 51 ይባላል። ግእዙና ሰባ ሊቃናት ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የለያቸውን አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ ነው። ስለዚህ በግእዙ ከ10 እስከ 112 ያለውን በዕብራይስጡ ቁጥር ለማግኘት 1 ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ 148፣ 149 እና 150 እኩል ይሆናሉ። 151ኛው መዝሙር ግን በእኛ መጽሐፍ እንጂ በ66ቱ አይገኝም።

ረዳት መጻሕፍት

ገንዘብ ውሱን ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ አንልም። ቅደም ተከተሉ ይህን ቢመስል መልካም ነው።

*ግጻዌ፦* በየዕለቱና በየሰንበቱ የሚነበበውን መልእክት፣ ምስባክና ወንጌል የሚያሳይ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ጥቅሙ ግን ታላቅ ነው። «ዛሬ ከየት ልጀምር?» ለሚል ሰው መልሱ እርሱ ጋ አለ።

*አንድምታ፦* የሊቃውንቱ ትርጓሜ ነው። የግእዙን ንባብ ያስቀምጥና በአማርኛ ያፍታታዋል። «አንድም» እያለ ሌላ ትርጓሜ ሲያመጣ የፊተኛውን ማፍረሱ አይደለም፤ አንዱ ቃል ብዙ ምሥጢር መያዙን ማሳየቱ ነው። በመጀመሪያ የአራቱን ወንጌል፣ ቀጥሎ የመዝሙረ ዳዊትን፣ ከዚያ የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት ብትይዙ ይበቃል። ለአንድ ቤት ቢከብድ የጽዋ ማኅበሩ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዋጥቶ አንድ ቢገዛ በተራ ይነበባል።

*መዝገበ ቃላት፦* ለግእዙ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ነው። ለአማርኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ። የአንድምታው አማርኛ ጥንታዊ ስለሆነ ይህኛው ይረዳል። እነዚህ ከባድ መጻሕፍት ናቸውና በሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢኖሩ ይበቃል።

*መምህር፦* ከመጻሕፍቱ ሁሉ በላይ ነው። ጃንደረባው ኢሳይያስን ይዞ ሳለ የሚመራው ሰው ፈልጎ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው ጋብዟል (ሐዋ. 8፥26-39)። ጃንደረባው ባለሥልጣን ነበረ፤ መጠየቅ ግን አላሳፈረውም። እናንተም ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለየኔታ ወይም ለንስሐ አባታችሁ «ይህን እንዴት ይተረጕሙታል?» በሏቸው። በሐብሩ ገጠር ያላችሁም ለክብረ በዓል መምህራን ሲመጡ ይህን ዕድል ተጠቀሙበት።

እንሞክረው፦ የመፃጉዕ ሰንበት

የጾሙ አራተኛ ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። ግጻዌው ዮሐ. 5፥1-24ን ያሳየናል። ምስባኩ መዝ. 40፥3 ነው፤ የያዛችሁት መጽሐፍ በዕብራይስጡ የሚቆጥር ከሆነ 41፥3 ብላችሁ ፈልጉ።

አስቀድማችሁ ጸልዩ። ወንጌሉን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችሉ የቤት ሰዎችም ይስሙ። ቀጥሎ የከበዷችሁን ቃላት ልቀሙ። «መፃጉዕ» የሰውየው ስም ይመስላቸዋል ብዙዎች፤ አይደለም። በግእዝ ደዌ የጸናበት፣ ሽባ ማለት ነው። «ቤተ ሳይዳ» የተባለችው ደግሞ በኢየሩሳሌም ያለች መጠመቂያ ናት፤ በዮሐ. 1፥44 ያለችው የፊልጶስ አገር ቤተ ሳይዳ ግን በገሊላ ነች። ስም አንድ፣ ቦታ ሁለት። መልአኩ ውኃውን እንደሚያናውጥ የሚናገረው ቁጥር 4 በአንዳንድ ትርጉም ከገጹ ላይ የለም፤ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ። ቁጥር 7 ግን በሁሉም አለ፤ በሽተኛው ስለ ውኃው መናወጥ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ በማቴ. 9፥2-8 ካለው ሽባ ጋር አነጻጽሩ። ያኛውን ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ይኼኛው ግን 38 ዓመት ሲተኛ ወደ ውኃው የሚያወርደው አንድ ሰው አላገኘም። አሁን አንድምታውን ግለጡ፤ ሊቃውንቱ ምን እንዳሉ እዩ። ያልገባችሁን ጻፉ፤ ለመምህር አቆዩት።

በመጨረሻ መጽሐፉን ከማጠፋችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። በሰፈሬ ሰው ያጣ በሽተኛ ማነው? በወልድያ ሆስፒታል ጠያቂ ያጣ፣ በመርሳ ወይም በግራና ከአልጋ የዋለ አለ ወይ? በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ያነበባችሁትንም አንብቡለት። ትክክለኛውን ትርጉም መርጦ፣ አንድምታውን ገልጦ፣ በሽተኛውን ያልጠየቀ ሰው ንባቡ ገና አላለቀም።

አምላከ ቅዱሳን ቃሉን የምናስተውልበት ልቡና፣ የምንሠራበት ጉልበት ይስጠን። ጾሙን የበረከት ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር