ከቴምፖ እስከ ላቦራቶሪ፦ ለአዲስ የኬሚስትሪ ተመራቂ

የቢራ፣ የዘይት፣ የመድኃኒትም ሆነ የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ አለው። እዚያ የሚሠራ ባለሙያ የሚጽፈው አንድ ቁጥር ምርቱ ከመጋዘን እንዲወጣ ወይም እንዲታገድ ያደርጋል። ስለዚህ ቀጣሪው የሚፈልገው ጽሑፉ የሚታመን ሰው ነው፤ ይህንንም መመዘን የሚጀምረው ከማመልከቻው ነው።

1. ማስታወቂያውን እስከ ግርጌው ያንብቡ
መደቡ “ኬሚስት”፣ “ላብ ቴክኒሻን” ወይም “ኳሊቲ ኮንትሮለር” ሊባል ይችላል፤ ከስሙ ይልቅ የተፈላጊ ችሎታውን ዝርዝር ይዩ። የሥራ ልምድ “0 ዓመት” የሚለው ለእርስዎ ነው። የሥራ ቦታውንና ፈረቃ መኖሩንም ያጣሩ። የምዝገባው ጊዜ “በ7 ተከታታይ ቀናት” ከሆነ እሑድም ይቆጠራል፤ “በ7 የሥራ ቀናት” ከሆነ ግን አይቆጠርም።

2. ሰነድዎን አስቀድመው ያሟሉ
ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የታደሰ መታወቂያ ይያዙ። የመውጫ ፈተና ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቁ የፈተናውንም ውጤት ይጨምሩ። ኦሪጅናሉን አሳይተው የሚያስረክቡት የማይመለስ ኮፒ ስለሆነ በርከት አድርገው ያስነሡ። ስምዎ በእንግሊዝኛ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ይመልከቱ።

3. ሲቪዎ ላይ እጅዎ የሠራውን ብቻ ያስፍሩ
“የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን በሚገባ አውቃለሁ” የሚል ዐረፍተ ነገር ለጠያቂው የሚነግረው ነገር የለም። “ለመመረቂያ ጥናቴ በ12 የጉድጓድ ውሃ ናሙናዎች ውስጥ ያለውን የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን በኢዲቲኤ ታይትሬሽን ለክቻለሁ” ቢሉ ግን የሚጠይቅዎትን ያገኛል። ኤችፒኤልሲ ሲሠራ ቆመው ያዩ ከሆነ “ሲሠራ አይቻለሁ” ይበሉ። ያልነካውን “ሠርቻለሁ” ያለ አመልካች ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይያዛል።

4. ለተግባር ፈተና እጅዎን ያፍታቱ
• ከ1 ሞላር ሶሉሽን 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አዘጋጁ ቢባሉ፣ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወደ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ጨምረው እስከ 100 ምልክቱ በተጣራ ውሃ ይሙሉ።
• ከመለካትዎ በፊት ፒኤች ሜትሩን በ7 ባፈር፣ ቀጥሎም እንደ ናሙናው በ4 ወይም በ10 ባፈር ካሊብሬት ያድርጉ።
• ኃይለኛ አሲድ ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ውሃውን ወደ አሲዱ ካፈሰሱ ሙቀቱ አፍልቶ ይረጭብዎታል።
ጋውንዎን ቆልፈው፣ መነጽር አድርገው ይጀምሩ፤ ፈታኙ ከውጤቱ በፊት የሚያየው ይህን ነው።

5. ውሉን አንብበው ይፈርሙ
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በእነዚህ ቀናት ለሥራው ብቁ አለመሆንዎ ከታየ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበቱ ይችላሉ፤ እርስዎም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላሉ።

6. ከመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ያክብሩ
ያነበቡትን ቁጥር ወዲያው በደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ በብጣሽ ወረቀት ይዞ ማታ መገልበጥ የለም። ከተሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዘው ትክክለኛውን ከጎኑ ይጻፉና ቀን አክለው ይፈርሙ። የተሰረዘው መነበብ ስላለበት ፍሉድ አይነካውም። ውጤቱ ከወሰኑ ካለፈም ደጋግሞ ለክቶ ደስ የሚለውን መምረጥ አይቻልም፤ እንዳለ መዝግበው ለኃላፊዎ ያሳውቁ፤ የምርመራው ሥራ ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ሌሊት በፈረቃ ላይ ሳሉ የምርት ክፍሉ ሰው በር ላይ ቆሞ “መኪናው እየጠበቀ ነው፣ በትንሽ ነው ያለፈው” ይልዎታል። ያን ጊዜም ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው መሣሪያው ያሳየው ቁጥር ነው። ሲቪዎ ላይ “አይቻለሁ” ብለው ሲጽፉ የተለማመዱት ይህንኑ ነበር።