ስለሚጮኽ የመኪና ድምፅ ማጉያ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

የመኪና ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) የሚሸጥን ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ደንበኛው «ይጮኻል» ይላል፤ ነጋዴውም ለውጦ ይሰጠዋል። የተለወጠውም በዚያው መኪና ላይ በተገጠመ ጊዜ እንደ ፊተኛው ይጮኻል። የተመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ካርቶኑ ስለ ተከፈተ ብቻ በቅናሽ ይሸጣል፤ አስመጪው ለፋብሪካው ቢመልሰውም እንከን ስለማይገኝበት የማጓጓዣው ኪሣራ በራሱ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ጩኸቱ ከሞተሩ ጋራ አብሮ ይወጣልን፣ ይወርዳልን የሚል ነው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ከወጣ፣ ምንጩ በጋራዥ ሰዎች ዘንድ ዲናሞ እየተባለ የሚጠራው አልተርኔተር ነው። (ስሙ የቀረው ከቀድሞው መሣሪያ ነው፤ አልተርኔተርን በብዛት በሚመረት መኪና ላይ በመጀመሪያ ያዋለው ክራይስለር ኩባንያ ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ነበር።) ከአልተርኔተር የሚመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በዳዮዶች አማካይነት ወደ ቀጥታ ቢለወጥም ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል። ሞተሩ ቢጠፋም የማይለወጥ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሆነ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጌይን የተባለው መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ ተከፍቷል ማለት ነው። ገዢዎች ይህን የድምፅ ማብዣ ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን ከሬዲዮው የሚወጣውን ቮልት ከማጉያው ጋራ ማመጣጠን ነው።

ሞገዱ የሚገባበትን በር ለማግኘት፣ ማጉያው ጠፍቶ ሳለ የአር ሲ ኤ ገመዶቹ ከማጉያው ይነቀላሉ፤ ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ማጉያው ይከፈታል። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከሬዲዮው ወገን ነው። ካልጠፋ ማጉያው አሠራሩ መልካም በሆነ ሌላ መኪና ላይ ይሞከራል፤ በዚያም ከጮኸ ዕቃው በእውነት የተበላሸ ነውና መለወጥ ይገባዋል። ማጉያው እንደ በራ ገመዱን መንቀል አይገባም፤ በአንዳንድ ሬዲዮዎች ውስጥ ያለው የአር ሲ ኤ ቀጭን መከላከያ በዚህ ምክንያት ይቃጠልና ቀድሞ ያልነበረ ጩኸት ይፈጠራል።

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ግን ኔጋቲቩ ሽቦ ነው። ሬዲዮው ከፊት፣ ማጉያው ከኋላ ከመኪናው ብረት ጋራ ሲታሰሩ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፤ ኤሌክትሪኩም በአር ሲ ኤው ገመድ ሽፋን በኩል መንገድ ያገኛል። የማጉያው ኔጋቲቭ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብልጭ ባለ ብረት ላይ መጥበቅ አለበት። ቀለም በተቀባ የመቀመጫ ቡሎን ላይ ማሰር ከስንፍና የመጣ ልማድ ነው። የባትሪው ሽቦ በመኪናው አንድ ወገን፣ የድምፁ ገመድ በሌላው ወገን ይለፍ።

አስመጪው ራሱ የሚጠየቅበትም ነገር አለ። «መዳብ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ሽቦ ብዙ ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውም በውፍረት እኩያው ከሆነው ንጹሕ መዳብ በሲሶ ያህል ያንሳል። ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ስለሆነ ገዢው አይሸበር። ቀጭን ሽቦ ከመጮኽ አልፎ ይግላል፤ ስለዚህም ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳይኖር የሚሸጥ የሽቦ ስብስብ ለእሳት የተዘጋጀ ነው።

ጩኸት ማጥፊያ እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ ትራንስፎርመር አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ርካሹ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያሳንስ፣ ከምርመራው በፊት መሸጥ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አልተርኔተር የላቸውም፤ 12 ቮልቱን የሚሰጠው ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ መለወጫ ነው። በእነዚህ ላይ የሞተሩ ጥያቄ አያገለግልም፤ የአር ሲ ኤው ፈተናና የኔጋቲቩ ሽቦ ምርመራ ግን እንዳሉ ይሠራሉ።