በቪዲዮ ለሚደረግ የመግቢያ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?

 

በሕክምና፣ በፋርማሲ ወይም በሌላ የጤና ሙያ ወደ አሜሪካና ካናዳ ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ ልጆች ወረቀታቸው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በርካታ ትምህርት ቤቶች ይህን ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ማድረግ ጀምረው ብዙዎቹ በዚያው ቀጥለዋል። ይህ ለአውሮፕላን የሚወጣውን ወጪ ያስቀራል። ይሁን እንጂ የዓመታት ልፋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚመዘን ዝግጅት ይፈልጋል።

ጠያቂዎቹ ምን ይፈልጋሉ?

ውጤታችሁን አስቀድመው አይተውታል። አሁን ማወቅ የሚፈልጉት ነገ በሽተኛ ፊታችሁ ሲቀመጥ ታዳምጡት እንደሆነ፣ በሚገባው ቋንቋ ታስረዱት እንደሆነና የማታውቁትን «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ትሉ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በቃል የተሸመደደ ንግግር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

አንዳንዶቹ በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ዘዴ ይጠቀማሉ። በዚህ ዘዴ አመልካቹ ከተለያዩ ጠያቂዎች ጋር ለጥቂት ደቂቃ እየተገናኘ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ለምሳሌ «አንድ ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ስጡኝ ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ሊባል ይችላል። «አልሰጥም» ብሎ ማቆም ግማሽ መልስ ነው። መጀመሪያ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥሎም መድኃኒቱ ያለ ምርመራ ቢወሰድ ተህዋስያን ሊለምዱት እንደሚችሉ በቀላል ቋንቋ አስረዱ። በመጨረሻም የት ሄዶ መታከም እንደሚችል አመልክቱ።

ጥሩ ልምምድ የሚከተለው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ለምን በየቀኑ እንደሚወሰድ ለአያታችሁ በሁለት ደቂቃ አስረዱ። እርሳቸው ከገባቸው ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገሙት።

ሰዓቱን በጥንቃቄ አስሉ

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ገደማ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በሌላው ጊዜ በ7 ሰዓት። ስለዚህ በጥር ወር እዚያ ጠዋት 10 ሰዓት የተባለው ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት፣ የመግሪብ ወቅት ማለት ነው። ወሩ ረመዷን ከሆነ ከኢፍጧር ጋር ይጋጫል። ቀጠሮው እንደደረሳችሁ ሌላ ሰዓት እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ።

ምግብ፣ ቡናና እንቅልፍ

1. ከቃለ መጠይቁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ መጠነኛ ምግብ ብሉ። እንቁላል በዳቦ፣ ቂንጬ ወይም ምስር በቂ ነው። ቅባት የበዛበት ከባድ ምግብ ያስተኛል።

2. ቡና የለመደ የለመደውን ያህል ይጠጣ፤ ከዚያ አይጨምር። ያለ ልማድ የተጠጣ ብዙ ቡና ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ የዋዜማው ምሽት ቡና እንቅልፍ ይነሳል። ለጥናት ብሎ ጫት መቃምም እንዲሁ ነው።

3. የፍርሃት መድኃኒት ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ለዚህ ብለው ሰዎች የሚዋዋሱት ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ይቀንሳል፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ትንፋሽ ሊያሳጥረው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛንም የስኳሩ መውረድ እንዳይታወቀው ሊያደርግ ይችላል። ሐኪም ሳያዝ የሚወሰድ አይደለም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ

በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ሕፃናት ወደ ጎረቤት ይሂዱ፣ እንግዳ አይጠራ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ኮምፒዩተሩም ስልኩም አስቀድመው ቻርጅ ይደረጉ፤ ስልኩ ላይ የኢንተርኔት ካርድ ይሞላ። መስመር ከተቋረጠ ወዲያው የሚጻፍበት የትምህርት ቤቱ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ አጠገብ ይቀመጥ። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይሁን፤ ካሜራው ከዓይን ትይዩ ይቀመጥ። ሒጃብ የምታደርግ እኅትም ጨርቁ ማይክሮፎኑን እንዳይሸፍነው ቀደም ብላ ትሞክረው።

ሲጨርስም «ምን ጠየቁህ? ምን መለስክ?» እያላችሁ አታጨናንቁት። ውሃ ስጡት፣ ይረፍ፤ ራሱ ሲፈልግ ይነግራችኋል።

ለሚጠባበቁት ሁሉ አላህ ያግራላቸው።