ጥጋብና ችግር ሲፈራረቁ ማን ያድጋል?

አዳዲስ ቃላት

ጥሪት፦ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል፣ ገንዘብ ወይም ከብት።
አማካይ፦ ድምሩ ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው።

«ዘንድሮ ምርት ጨመረ፤ አገር አደገ» ሲባል እንሰማለን። ደስ ይለናል። ግን ምርት አንድ ዓመት ከፍ፣ ሌላ ዓመት ዝቅ ሲል ለሁላችንም እኩል ነው ወይ? አይደለም። ለምን? በዚህ ትምህርት እንመልከት።

በ1994 ዓ.ም. ምን ሆነ?

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በብዙ የአገራችን ክፍል አዝመራው ሰመረ። በተለይ በምዕራብ ኢትዮጵያ በቆሎ ተትረፈረፈ። ግን መንገዱም መጋዘኑም ጥቂት ነበር። የነጋዴውም ገንዘብ ያን ሁሉ እህል ለመግዛት አልበቃም። ስለዚህ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። በአንዳንድ ቦታ የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ ስለማይመልስ በቆሎው በማሳ ላይ ቀረ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው።

በዚያው በ1994 ዓ.ም. በልጉ ደካማ ሆነ፤ የክረምቱም ዝናብ ዘገየ። በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። እህል ተትረፍርፎ ዋጋ ካጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

የሁለት ጎረቤቶች ሒሳብ

እንዲህ ያለው መዋዠቅ በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን በምሳሌ እናስላ። ቁጥሮቹ ለሒሳቡ እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው።

ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። መሬታቸው እኩል ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ በሬ አላቸው። እያንዳንዳቸው 14 ኩንታል በቆሎ አመረቱ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 6 ኩንታል ይበላል። ሁለቱም 400 ብር የማዳበሪያ ዕዳ አለባቸው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት በቤቱ 400 ብር ጥሪት አለው።

የኩንታሉ ዋጋ 100 ብር ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ጎረቤት 4 ኩንታል ሸጦ ዕዳውን ይከፍል ነበር። ለምግብ 6 ኩንታል ይይዛል። ለክፉ ቀን 4 ኩንታል ይተርፈዋል።

ነገር ግን ዋጋው ወደ 50 ብር ወረደ። ዕዳ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ሰውየው 8 ኩንታል ሸጠ። የቀረው የሚበላው 6 ኩንታል ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ዕዳውን በጥሪቱ ከፈለ፤ አንድም ኩንታል አልሸጠም። 6 ኩንታሉ ተበልቶ 8 ኩንታል በጎተራው ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሁለቱም ያገኙት 2 ኩንታል ብቻ ነው። የእህሉ ዋጋ 200 ብር ገባ። የመጀመሪያው ጎረቤት ለምግብ 4 ኩንታል ጎደለው። የጎደለውም ያው ዋጋው ባይወድቅ ይተርፈው የነበረው 4 ኩንታል ነው! ምን ያድርግ? በሬዎቹን ወደ ገበያ ነዳ። ሁሉም ከብቱን ስለሚሸጥ ግን 800 ብር ያወጣ የነበረ በሬ 400 ብር ሆነ። ሁለቱን በሬዎች በ800 ብር ሸጦ 4 ኩንታል በቆሎ ገዛ።

በሬዎቹን ማን ገዛ? ሁለተኛው ጎረቤት። እሱ ከሚበላው የተረፈ 4 ኩንታል ነበረው። አምና በገበያ 200 ብር ብቻ የሚያወጣ በቆሎ ዘንድሮ አንድ ጥማድ በሬ ገዛለት።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ተመለሰ። ለሁለቱም እኩል ዘነበ። በሬ የሌለው ግን መሬቱን ለእኩል ሰጠ። ከ14 ኩንታል 7ቱን አገኘ። ባለ በሬው 21 ኩንታል አስገባ።

የሁለቱ ምርት በመጀመሪያው ዓመት 28 ኩንታል ነበር። አሁንም 28 ኩንታል ነው። አማካዩም ያው 14 ነው። «ምርቱ ወደ ቦታው ተመለሰ» ሊባል ነው። በሬው ግን አልተመለሰም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ሁለተኛው ጎረቤት ሌባ አይደለም። የመጀመሪያውም ሰነፍ አይደለም። እኩል ሠርተዋል። የለያያቸው የዋጋውና የዝናቡ መዋዠቅ ነው። ጥሪት ያለው ሰው በርካሽ ጊዜ አይሸጥም፤ በውድ ጊዜ አይገዛም። ጥሪት የሌለው ግን በርካሽ ሸጦ በውድ ይገዛል። መዋዠቁ በተደጋገመ ቁጥር የኑሮ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ «ምን ያህል አደግን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ዕድገቱ ጸንቶ ይቆያል ወይ? ለማንስ ደረሰ?» ማለትም ያስፈልጋል።

ምን ይሻላል?

1. እህልን በሚገባ አድርቀን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጎተራ፣ ከነቀዝና ከአይጥ ጠብቀን እናኑር። በአውድማው ላይ ሁሉንም አንሽጥ።

2. ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። በኅብረት ሥራ ማኅበር እህልን በጋራ ማከማቸትና መሸጥ፣ በቁጠባና ብድር ማኅበር ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ይቻላል።

3. የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ቀን ሁሉም በሚሸጥበት ወር ላይ እንዳይወድቅ በስብሰባ እንጠይቅ።

4. ይህ ሁሉ የገበሬው ሥራ ብቻ አይደለም። መንገድ፣ መጋዘንና መስኖ የመንግሥትም ሥራ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማ ችግር የገጠመው ቤተሰብ ጥሪቱን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነበር። በሬው ሳይሸጥ የደረሰ እርዳታ፣ ከተሸጠ በኋላ ከሚደርሰው ይበልጣል።

ጥያቄዎች

ሀ. የመጀመሪያው ጎረቤት በሬዎቹን ለምን ሸጠ?
ለ. አማካዩ 14 ኩንታል ሆኖ ሳለ የሁለቱ ኑሮ ለምን ተለያየ?
ሐ. የዕዳው መክፈያ በስድስት ወር ቢራዘምለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አስሉ።
መ. በመንደራችሁ በክፉ ዓመት በሬ የሚሸጠው ማን ነው? የሚገዛውስ? ተወያዩበት።