ሰላምን ለሕዝብ ማስረዳት፦ ከሑደይቢያ እስከ ቢቸናና ሞጣ



ሕዝብን ለጦርነት መጥራት ቀላል ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ወጣቱ ይነሣል። ከባዱ ሥራ ደም ከፈሰሰ በኋላ ያንኑ ሕዝብ «ይብቃን» ብሎ ማሳመን ነው። ልጁን የቀበረ አባት «ታዲያ ልጄ ለምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃልና። ይህን ጥያቄ መሪ እንዴት ይመልሰው? ለዛሬው ትምህርታችን አንድ ምሳሌ ከሲራ፣ ሁለት ምሳሌ ከአገራችን አቀርባለሁ።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ያህል ሶሓቦችን አስከትለው ለዑምራ ወደ መካ ተጓዙ። ቁረይሾች ስለከለከሏቸው ሑደይቢያ ላይ ከሱሀይል ኢብን ዐምር ጋር ውል ተዋዋሉ። ውጊያ ለ10 ዓመት ይቆማል፤ ሙስሊሞቹ ለዚያ ዓመት ካዕባን ሳይጎበኙ ይመለሳሉ፤ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ከመካ ሸሽቶ የመጣ ሰው ይመለሳል፣ ከመዲና ወደ መካ የሄደ ግን አይመለስም። ሶሓቦችን ይህ መረራቸው። የሱሀይል ልጅ አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ አምልጦ መጥቶ ተመልሶ ሲሰጥ ደግሞ ሐዘናቸው በረታ። ዑመር (ረ.ዐ.) ፊት ለፊት ጠየቁ፤ ነቢዩም ጠያቂውን ዝም አላሰኙም፣ መለሱላቸው። ከዚያም መሥዋዕታቸውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ 3 ጊዜ ቢያዙ የተነሣ ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው ኡሙ ሰላማ (ረ.ዐ.) ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱ መከሯቸው። ምክሩን ተቀበሉ፤ ሲያርዱ ያየው ሁሉ ተነሣ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መካ የገቡት 10,000 ያህል ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩ ሦስት ነው፦ ጠያቂን መስማት፣ ራስ ቀድሞ መሥራት፣ ቢመርም ቃልን መጠበቅ።

ወደ አገራችን እንምጣ። እኔ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ የ1960 ዓ.ም. ነገር በሽማግሌዎቻችን ወግ ውስጥ ሲነሣ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ዓመት ኅዳር መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ባለሥልጣናቱ «ግብሩ በምርቱ ላይ እንጂ በመሬቱ ላይ አይደለም» ቢሉም ገበሬው ገማቹን ሲያይ የታየው ቀላድ ነበር፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊሄድ ነው አለ። ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት አመፁ። ጦር ዘመተ፣ በአውሮፕላንም ቦምብ ተጣለ። ከሰማይ ቦምብ እየወረደ ከምድር «አትፍሩ» የሚለውን ማን ያምናል? ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ከተተኩ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ድረስ ሄደው የዓመታት ውዝፍ ግብር ከማሩ ወዲህ ነው። ሕዝቡን ያሳመነው መንግሥት ከራሱ ላይ የቀነሰው ነገር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ነው። ለ2 ዓመት የዘለቀውን የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ተፈራረሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኅዳር 6 ቀን በፓርላማ ቀርበው ስለ ስምምነቱ አስረዱ። በትግራይ መድፍ ዝም አለ፤ ይህ ትልቅ ኸይር ነው፣ የሚክድ ሰው ካለ በድሏል። ነገር ግን በጦርነቱ የሞተው፣ የተፈናቀለውና ንብረቱ የተዘረፈው የአማራ ክልል ሕዝብ «እኔስ በውሉ የት አለሁ?» ብሎ ጠየቀ። የወልቃይትና የራያ ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ከሚል አንቀጽ ያለፈ መልስ አላገኘም። በመጋቢት መጨረሻ የክልሉ ልዩ ኃይል ፈርሶ ወደ ሌሎች የጸጥታ መዋቅሮች ይግባ ሲባል ጥርጣሬው ባሰ፤ በሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ እንደሚመስለኝ የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ይህ ነው፦ ሕዝቡ ከተፈረመ በኋላ ተነገረው እንጂ ከመፈረሙ በፊት አልተጠየቀም። ጥያቄ ያነሣውም ብዙ ጊዜ እንደ ሰላም ጠላት ተቆጠረ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ እንዳየነው፣ ሕግ ሲላላ አስቀድሞ የሚጎዳው ቁጥሩ ያነሰው ወገን ነው። ስለዚህ ሰላም ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴና ገበሬ የዕለት ጉዳይ ነው።

ውድ አንባቢያን! ዛሬም ሆነ ነገ ከመንግሥትም ሆነ ጫካ ካለው ወገን የሰላም ሐሳብ ሲቀርብ ሦስቱን ነገሮች እንመዝን። አቅራቢው ጠያቂን ይሰማል? ከራሱ ላይ ምን ቀነሰ? ትናንት የገባውን ቃል ጠብቋል? የእኛም ድርሻ አለ። ዑመር ጠየቁ፤ ውሉ ከጸና በኋላ ግን አላፈረሱም። እኛም ከመፈረሙ በፊት ደፍረን እንጠይቅ፣ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ፈርሶ ሌላ እናት እንዳታለቅስ እንጠብቀው።

ወላሁ አዕለም።